የሚያናድድ ደብዳቤ ላኪልኝ

ኅዳር 3

እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጆሮሽስ እንዴት ነው? አለቃሽ አሁንም ይጮህብሻል ወይስ እንደማትሰሚው ገብቶት ተወሽ? እኔ ደህና ነኝ። ዘግይቼ በመጻፌ ይቅር በይኝ፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ስልክስ ለምን አታነሺም?

የሰማሽው እውነት ነው፤ አርግዣለሁ። ማን እንደነገረሽም አውቃለሁ። ባለቤቴ መሪ ሲይዝ ካልሆነ በቀር አፉ አያርፍም። ካንቺ የደበቅኩት ንቄሽ አይደለም። የፊተኛውን ጊዜ አስቢው። ለአገር ምድሩ አወራሁ። ሰባተኛው ወር ላይ እግሬ አበጠ፣ ደም ረጋብኝ፣ ልጁ ሄደ። ከዚያ ላወራሁለት ሰው ሁሉ እንደ አዲስ እየነገርኩ እንደ አዲስ አለቀስኩ። አሁን አፌን ብይዝ የሚሻል መሰለኝ።

ሐኪሟ ግን አልማረችኝም። ደም የሚያቀጥን መርፌ አዘዘችልኝ፤ በየቀኑ አንድ፣ እስክወልድ ድረስ። የሚወጋው ሆድ ላይ ነው። ሆድ ላይ እትዬ! ልጁ ያለበት ላይ! ቆዳና ስብ ብቻ ነው የሚነካው፣ ልጁ ጋ አይደርስም ብላ በሥዕል አሳየችኝ። ጭንቅላቴ ገባው፤ እጄ ነው ያልገባው።

እስካሁን የሚወጋኝ ባለቤቴ ነበር። ትናንት ጭነት ጭኖ ሄደ፤ እንግዲህ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ተራው የኔ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ “ልብስ ሰፊ አይደለሽ እንዴ፣ መርፌ ላንቺ ምንሽ ነው?” ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅኩ። ስፌት ቤት ያሉት ልጆችም፣ ባለሱቋም፣ ሁሉም በዚህችው ቀልድ ነው የሚስቁት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሐኪሟ “ከቤተሰብሽ ደም የረጋበት ሰው አለ?” ብላኛለች። ካንቺ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ። እናታችን የሞተችው በትኩሳት ነው አይደል?

ታናሽሽ


ኅዳር 16

ሚጢ፣

እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ከዚያ መልሼ ጻፍኩት። ደስ ብሎኛል፣ ፈርቻለሁም። ሁለቱን በአንድ መስመር መጻፍ የሚችል ሰው ይጻፈው፤ እኔ ክር ፈታይ ነኝ።

ስልክ ለምን አታነሺም ላልሽው፣ ባነሳስ ምን እሰማለሁ? ጆሮዬን መፍተያ መኪናው በልቶታል። ያንቺ ድምፅ እንደ ንብ ነው የሚደርሰኝ። የስልክ ጽሑፍሽም ለዓይኔ ደቀቀብኝ። ደብዳቤ ይሻላል፤ በደብዳቤ ሲሆን ደግሞ አትነጫነጪም።

ልምጣ ብዬ አለቃዬን ለምኜው ነበር። “ፈቃድሽ በዓመት አንዴ ነው፤ አሁን ከወሰድሽው ለወሊዷ የለሽም” አለኝ። ለወሊድሽ አስቀመጥኩት። እስከዚያ እጅሽን እመኚው። ሌላው ሰፊ ይበላሻል ብሎ የፈራውን ሐር አንቺ ስትሰፊው አይቻለሁ። ሆዴ ጨርቅ ነው ብለሽ አስቢ፤ ቆንጠጥ አድርገሽ ያዢውና ስደጂው።

ስለ እናታችን ላልሽው፣ ያኔ እኔም ልጅ ነበርኩ። ትኩሳት ነው ብዬሽ የለም እንዴ? አሁን ይሄን ማንሳት ምን ይፈይዳል። ይልቅ ሹራብ እየሠራሁልሽ ነው፤ ቀለሙን እንዳታማርጪ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ደብዳቤሽን ስትጀምሪ ከሰላምታው በፊት “ወጋሁ” ብለሽ ጻፊልኝ። ከዚያ በኋላ ያሻሽን አውሪ፦ ትበያለሽ? ትተኛለሽ? መርፌውስ ያማል?

እትዬሽ


ታኅሣሥ 2

እትዬ፣

ወጋሁ። ይኸው፣ ደስ ይበልሽ።

ሹራቡ ደረሰኝ፤ ቀለሙን ምንም አላልኩም። የጠየቅሽውን በተራ ልመልስልሽ። እበላለሁ። እተኛለሁ። ማስመለሱ ቀንሶልኛል። ሱቅ የአንድ ትልቅ ሆቴል መጋረጃ ተቀብለን ጨርቅ በጨርቅ ሆነናል፤ ባለሱቋ “ሆድሽ ገፍቶ ከመኪናው ሳያርቅሽ ጨርሺልኝ” ትለኛለች። እግዜር ይይላት፣ ሳቄን ልታይ ነው እንዲህ የምትለው።

መርፌው ያማል ወይ ላልሽው፣ ምንም አያምም። እጄን ታውቂው የለም? ጥሩ ሰፊ መርፌ ያስገባበት አይታወቅም። ሆዴ ገና አሁን የተፈታ የጨርቅ ጣቃ ነው የሚመስለው፤ አንዲት ነጥብ የለበትም። ነርሷ ራሷ ብታይ ትቀናለች።

ባለቤቴ መጥቶ አንድ ቀን አድሮ ሄደ። ልውጋሽ ቢለኝ እኔ ለምጃለሁ፣ አንተ ጎማህን እይ አልኩት። ባዶዎቹን መርፌዎች ከሚጣሉበት ላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። “ጀግና ነሽ” ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ወጥ ሊያርርብኝ ነው ብዬ ጥዬው ወደ ጓዳ ገባሁ። ምድጃው ላይ የተጣደ ነገር አልነበረም።

ለምን እንደጻፍኩልሽ አላውቅም፣ ይሄን የመጨረሻውን። አሁን ሥራ አለብኝ።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 20

ሚጢ፣

ሰላምታ የለኝም።

ክሩ የሚጠቀለልበት ቦቢን ክፍል የምትሠራ ባልደረባ አለችኝ። ሦስተኛ ልጇን ያረገዘች ጊዜ ያንቺን መርፌ ነበር የምትወጋው፤ በየቀኑ፣ በገዛ እጇ። ያንቺን ደብዳቤ በደስታ አነበብኩላት። እንደ እናት ኮርቼብሽ። “አንዲት ነጥብ የለበትም” የሚለው ጋ ስደርስ ፊቷ ተለወጠ። “አንዴ እንደገና አንብቢው” አለችኝ። አነበብኩት። “የኔ ሆድ እኮ የነብር ቆዳ መስሎ ነበር” አለች። “መድኃኒቱ ራሱ ነው የሚያበልዘው። ነርስም ብትወጋሽ ትበልዣለሽ። እህትሽ አልወጋችም።”

ተጣላኋት። እህቴ ዋሾ አይደለችም ብዬ ሻይዬን ጥዬ ተነሣሁ። ከዚያ ወደ መኪናዬ ተመልሼ ቆምኩና ምድጃው ላይ ያልተጣደው ወጥ ትዝ አለኝ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንቺማ መንገድም አልያዘ። ብትዋሺ እንኳ ምናለ እንደ ሌላው ሰው አመመኝ ብለሽ ብትዋሺ! ግን ሙያሽ ለቀቅ አያደርግሽም። መርፌ የገባበት አይታወቅም!

አልቆጣሽም። ተቆጥቼ ጨርሻለሁ፤ ግድግዳ ላይ። እውነቱን ንገሪኝ። መድኃኒቱን የት ነው የምታደርሺው? የሚወጋልሽ ጎረቤት የለም? እግርሽስ እንዴት ነው? በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። እየለመንኩሽ ነው ሚጢ፣ እኔ ትልቋ።

እትዬሽ


ጥር 4

እትዬ፣

አልወጋሁም።

ባለቤቴ ከሄደ ጀምሮ አንድም ቀን ራሴን አልወጋሁም። መጀመሪያ ልለማመድ ብዬ ነው። የመርፌ መሰኪያ ትራሴን ጭኔ ላይ አድርጌ ወጋኋት። እጄ ውልፍት አላለም። ነገ ሆዴን፣ አልኩ። በነጋታው ልብሴን ገልጬ ቆዳዬን በሁለት ጣት ቆንጥጬ ያዝኩ። መርፌው ሲነካኝ ሐሞቴ ፈሰሰ። የምሞት መሰለኝ። እጄን ወደ ፊት ስለው ወደ ኋላ ይሄዳል። የሌላ ሰው እጅ ነው የሚመስለው። ጨርቅ ነው ብለሽ አስቢ ብለሽኝ ነበር፣ አሰብኩ። ጨርቅ እኮ አይሳቀቅም እትዬ። ጨርቅ ውስጥ የተኛ ሰው የለም።

መድኃኒቱን እንግዲህ ለትራሷ ሰጠኋት። ባለቤቴ ባዶዎቹን ስለሚያይ ሙሉዎቹን ማስቀመጥ አልችልም። በየቀኑ ነገ እወጋለሁ እያልኩ እሷን እወጋለሁ። ረጥባ ረጥባ ሻገተች፤ ውስጧ ያሉት የስፌት መርፌዎቼ ዛጉ። ልጄን ያድናል የተባለውን ትራሷ ውስጥ ለተሞላው ሰጋቱራ አጠጣሁት። እንዲህ ያለች እናት አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሰው ለምን አትለምኚም ላልሽው፣ ለምኛለሁ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ ሁለቴ ወጋችኝ። ሦስተኛው ላይ ሰው በተሞላበት “ትልቅ ሴት አይደለሽ እንዴ?” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አላለፍኩም። ጎረቤት ልጠይቅ ብልስ ምን ብዬ? ልብስ ሰፊዋ መርፌ ፈራች ልበል?

ልጁ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ይሄን ልነግርሽ አልፈለግኩም ነበር። ሲንቀሳቀስ ደስ ሊለኝ ሲገባ እደነግጣለሁ፤ የሚገፋኝ “ምነው?” እያለ ይመስለኛል። በገዛ ፍርሃቴ ልገድለው ነው። አውቃለሁ። እያወቅኩ አልችልም። ማወቅ እኮ ምንም አይጠቅምም እትዬ፣ ይሄን ማን ያውቃል!

እግሬን ጠይቀሻል። የግራው ካልሲ ጠበበኝ። ካልሲው ነው ብዬ ቀየርኩት። አዲሱም ጠበበኝ።

ምን ይሻለኛል?


ጥር 11

ሚጢ፣

ይሄ ሲደርስሽ ሐኪም ቤት ካልሄድሽ አሁኑኑ ተነሺ፤ መንገድ ላይ ታነቢዋለሽ። ባልደረባዬ ስልክ ደውላልሽ ነበር፣ አታነሺም። ለባልሽ ደውላ ሁሉንም ነግራዋለች፤ መኪናውን አዙሮ እየመጣ ነው። አሳበቅሽ ብለሽ ብትቀየሚኝ ተቀየሚኝ። በሕይወት ሆነሽ ተቀየሚኝ።

ሐኪሟ የጠየቀችሽን ደግሞ ልመልስ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው።

እናታችን የሞተችው በትኩሳት አይደለም። አንቺን በወለደች በአሥረኛው ቀን ነው። እግሯ አብጦ ነበር፣ አንደኛው ብቻ። የወሊድ ነው፣ ይሄዳል አሏት። እኔ በሞቀ ጨርቅ አሽላት ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት አንቺን ልታጥብ ተነሣች። ሁለት እርምጃ እንኳ አልሄደችም፣ ደረቷን ያዘች። “ልጅቷን ያዢ” አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ያዝኩሽ። እስከ ዛሬም ይዤሻለሁ።

ትኩሳት ያልኩሽ እኔ ነኝ። ለቅሶው ላይ አንዲት ዘመድ “ይቺ እናቷን በልታ የመጣች” ስትል ሰማኋት። አንቺ ጭኔ ላይ ተኝተሻል። ይሄን ቃል ሰምታ አታድግም አልኩና ትኩሳት የሚለውን ፈጠርኩ፤ አባታችንንም አስማልኩት። ሐኪሟ ስትጠይቅሽ መናገር ነበረብኝ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ያንቺ እጅ እንዳልታዘዘሽ የኔም አፍ አልታዘዘኝም፤ ከዚህ ሌላ የምልሽ የለኝም።

እሷ መርፌ አልነበራትም። ቢኖራት ኖሮ በጥርሷም ቢሆን ትወጋው ነበር። አንቺ አለሽ። ለሰጋቱራ አትስጪብኝ።

እትዬሽ


ጥር 24

ወጋሁ።

ሆስፒታል ተኝቼ ነው የምጽፍልሽ። በመሣሪያ አዩኝ፤ ጭኔ ውስጥ ደም ረግቷል። ወደ ሳንባዬ አልሄደም። ልጁ አለ። መርፌው ግን በኔ ጥፋት ጨመረ፤ ከእንግዲህ ጠዋትና ማታ ነው። አንዱን መውጋት አቅቷት ሁለት ታዘዘላት በዪ፣ ሳቂ።

ለልጁ ብዬ የወጋሁ እንዳይመስልሽ። በንዴት ነው። ባንቺ ንዴት! ትኩሳት በነካኝ ቁጥር እንደ እናቴ መሞቴ ነው እያልኩ ስንቀጠቀጥ ያደግኩት ባንቺ ውሸት ነው። በየጊዜው ግንባሬን ዳብሰሽ “ምንም የለሽም” ስትዪኝ እውነቱን ታውቂው ነበር። ለሐኪሟ በቤተሰቤ ማንም የለም ብዬ በአፌ ተናግሬያለሁ። ይቅር አልልሽም። ደብዳቤሽን አልጋው ላይ አንብቤ እንደጨረስኩ ነርሷ መርፌውን ይዛ መጣች። “ልውጋሽ?” አለችኝ። ከእጇ ነጠቅኳትና ወጋሁ። ደህና አድርጌ፣ እስከ መጨረሻው፣ ሳላይሽ እየሰደብኩሽ። ከዚያ በኋላ ነርሷ ይዛኝ አለቀስኩ።

ባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እስከዚህ ያለውን የጻፍኩት ትናንት ማታ ነው። ዛሬ ጠዋት ንዴቱ በረደልኝና እጄ እንደ ድሮው ሆነ። ይዤው ተቀምጬ ተቀምጬ ቁርስ ቀዘቀዘ። መጨረሻ ላይ ያንን “ትኩሳት ነው ብዬሽ የለም እንዴ” ያልሽበትን መስመር አውጥቼ አነበብኩና ወጋሁ። የማታው ግን ያስፈራኛል፤ የዚያች መስመር ንዴት እያለቀ ነው። ባልናደድስ? እትዬ፣ እባክሽ፣ የሚያናድድ ደብዳቤ ላኪልኝ። እንደዚያኛው ትልቅ ባይሆንም ግድ የለም።


የካቲት 5

አንቺ ደነዝ፣

ጠየቅሽኝ፣ እንኪ። የመጀመሪያ የሰፋሽልኝ ቀሚስ አንዱ እጅጌው ከሌላው ይረዝም ነበር። ምን ያምራል እያልኩ ዓመት ሙሉ ለፎቶ አንድ እጄን አጥፌ ስቆም ኖሬያለሁ። ባልሽ ያንኮራፋል ብለሽ ታሚዋለሽ፤ ያንቺ ማንኮራፋት ለኔ ለደንቆሮዋ ይሰማኝ ነበር። የሰፋሽው ሁሉ ያምራል የሚሉሽ ሰዎች ዋጋ እንድትቀንሺላቸው ነው።

ይሄ ለአንድ ጠዋት ይበቃል። ለማታው ሌላ ወረቀት አጥፌ በመርፌ ቁልፍ ዘግቼዋለሁ፤ አሁን አትክፈቺው፤ ውስጡ ያለው ስለ ሰርግሽ ቀን ነው፣ ይብሳል። የቀሩትንም በየሳምንቱ እልካለሁ። ባንቺ ላይ የምለው ነገር አያልቅብኝም።

ባልናደድስ ላልሽው፣ ባልደረባዬን ጠየቅኳት። “እህትሽ ፍርሃቱ እስኪሄድ እየጠበቀች ነው እንዴ?” አለችኝ። “አይሄድም። እኔ እስክወልድ አንድ ቀን ሳልፈራ አልወጋሁም። ፈርቼ ቆነጠጥኩ፣ ፈርቼ ወጋሁ፣ ፈርቼ ሻይዬን ጠጣሁ።” እንግዲህ ካልተናደድሽ ፈርተሽ ውጊ።

ይቅር አልልሽም ያልሽውን አንብቤያለሁ። አትበዪኝ። እስክትወልጂ ያዥው፣ ያስፈልግሻል።

እትዬሽ


ግንቦት 29

እትዬ፣

አልወጋሁም። አትደንግጪ፤ አትውጊ ተብዬ ነው።

ነገ ምጡን በመድኃኒት ያስጀምሩኛል። እንዳይደማኝ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ መርፌው ቀረ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ነርሷ “ዛሬ አርፈሻል” ስትለኝ እጇን ያዝኩና “አንዷን ብቻ” ብዬ ለመንኳት። ያቺ መርፌ በሩን ዘግታልኝ የምታድር ዘበኛ ሆናልኝ ነበር። ዛሬ ዘበኛዬ ሄደች። ደሜ በውስጤ ምን እየሠራ እንደሆነ አላውቅም። እግሬን በየደቂቃው እዳብሳለሁ፤ ባለቤቴም ሲያየኝ የራሱን ይዳብሳል።

ደብዳቤዎችሽ ሁሉ አብረውኝ አሉ። አብዛኞቹ ከመደጋገም ብዛት አያናድዱኝም፣ አንዳንዶቹ ያስቁኛል። የእጅጌው ብቻ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እጅጌው እኩል ነበር። ትከሻሽ ነው ዘንበል ያለው።

አትፍሪ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ፈርቻለሁ። ወደ ግድግዳው ዞሬ ነው የምጽፍልሽ። ከተረፍኩ ስድስት ሳምንት መርፌውን እቀጥላለሁ ተብያለሁ። ካልተረፍኩ ግን ስሚኝ። ለልጄ ትኩሳት ነው እንዳትዪው። ደም ረጋባት በዪው። ፈሪ ነበረች፣ ዋሸች፣ ከዚያ እየፈራች ወጋች በዪው። ሁሉንም ንገሪው፣ የትራሷንም ሳይቀር። እናቱን በልቶ መጣ የሚል ሰው ካለ ግን ልጄ ሳይሰማው አንቺ አፉን ዝጊልኝ።

ይቅር ብያለሁ አላልኩም። ፊት ለፊት ልልሽ ነው የምፈልገው። ቶሎ ነዪ።

ታናሽሽ


ሰኔ 2

ሚጢዬ፣

ፈቃዴ የሚጀምረው ከነገ ወዲያ ነው፤ ደብዳቤውን ዛሬ ለሚነሣው አውቶቡስ ሹፌር እሰጠዋለሁና ይቀድመኛል።

ባልሽ የደወለው በሥራ ሰዓት፣ በባልደረባዬ ስልክ ነው። እዚህ መኪናው ሲጮህ የምንነጋገረው አፍ ለአፍ እየተያየን ነው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ወደኔ ዞረች። “ሴት ናት” ስትል ከንፈሯን አየሁት። እናትየዋስ አልኳት። አልሰማ ብሏት ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋን ይዤ ላዞራት ብል እምቢ አለች። ክሩ ተበጥሶ ሲጠመጠም እያየሁ አልነካሁትም። ስትመለስ “ደህና ናት” አለችኝ። አላመንኳትም። ስልኩን አዘግቼ፣ ብርሃኑ ወዳለበት ወስጄ፣ ደጋግሜ አስባልኳት። ደህና ናት። ደህና ናት። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ አለቃዬ መጥቶ ሲጮህብኝ አፉን ሳላይ ቀረሁ።

እዚህ ላይ ባቆም በወደድኩ። ግን ከእንግዲህ አንዋሽም። አንቺ የተወለድሽ ዕለትም በሩ ተከፍቶ “ሴት ናት፣ እናቷም ደህና ናት” ነው ያሉኝ። ደስ ብሎኝ ሰፈሩን በሩጫ ዞርኩት። እውነታቸውን ነበር፤ በዚያን ቀን ደህና ነበረች። በማግስቱም ደህና ነበረች።

እስክደርስ ልጅቷን አባቷ ይያዛት። አንቺ ውጊ።

እትዬሽ